በእግር መሄድ ለምን ያሳፍራል?

ወላይታ ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ከሆነች ወዲህ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውለው ሠራተኛ በርክቷል። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ላለባቸው «በእግር ይሂዱ» ስል ግን የሚመለስልኝ «ጊዜ የለኝም» ብቻ አይደለም፤ «ሰው ምን ይለኛል?» የሚልም አለ።

ማሳ ላይ እየሠራ ያደገ ሰው ደመወዝተኛ ሲሆን ባጃጅ መሳፈር የኑሮ መሻሻል፣ በእግር መሄድ ደግሞ የማጣት ምልክት ይመስለዋል። እናቶች በስፖርት ልብስ መታየትን ያፍራሉ። አረጋውያንን ልጆቻቸው «አርፈው ይቀመጡ» ይሏቸዋል፤ አክብሮቱ ጉልበታቸውን ያደክማል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በቀን 30 ደቂቃ ለ5 ቀን ማለት ነው። ትንፋሽዎ ፈጠን ብሎ ማውራት ከቻሉ መጠኑ ልክ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በከተሞቻችን ከተሽከርካሪ ነፃ ቀን ሲጀመር ብዙዎች አስፋልት ላይ ወጥተው ስፖርት ሠርተዋል። ብቻውን የሚያፍር ከሌሎች ጋር አያፍርም። ስለዚህ ከጎረቤት ወይም ከሥራ ባልደረባ ጋር ሰዓት ይቀጣጠሩ፤ የተለየ ልብስ አያስፈልግም። ወላጆችዎንም ይዘው ይውጡ። ሲንቀሳቀሱ ደረትዎን የሚያምዎ ከሆነ ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።