ካርቱን ያጣላቸው ባልና ሚስት

በዚህ ዓምድ ስለ ቅናት፣ ስለ አማት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለሚያመሽ ባልና ስለማትጨበጥ እጮኛ ስንት ጊዜ ተነጋግረናል። ካርቱን ባልና ሚስት ያጣላል ብትሉኝ ግን ስቄ ነበር የማልፈው። ሰሞኑን ከአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የደረሰኝ ደብዳቤ ሳቄን ወሰደው።

ጸሐፊዋ የ38 ዓመት ወይዘሮ ናት። ባለቤቷ 50 አልፎታል። “ደግ ሰው ነው” ትላለች። “አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ለቤቱ ሟች ነው። ቅዳሜ ሲነጋ ግን ሌላ ሰው ይሆንብኛል። የ7 ዓመት ልጃችንን በጠዋት ከአልጋው አስነስቶ፣ ሶፋ ላይ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ዱሮ በልጅነቱ ያያቸውን ካርቱኖች እየከፈተ ‘እየው! እየው!’ ይለዋል። ልጁ አስር ደቂቃ ሳይቆይ ይሰለቸውና ታብሌቴን ስጡኝ ይላል። አባትየው ይቆጣል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ እኔ መሀል እገባለሁ። ባለፈው ‘በዚህ ዕድሜህ በካርቱን ትጣላለህ እንዴ? አታፍርም?’ ብዬ ብናገረው መኪናውን አስነስቶ ወጣ። እስከ ማታ አልተመለሰም። እስከ ማክሰኞ ድረስም አላናገረኝም። እባክዎ ምን ላድርግ?”

ከደብዳቤው ግርጌ፣ እንደ ዋዛ፣ አንዲት ነገር ጣል አድርጋለች። ባለቤቷ አሜሪካ የገባው በ1982 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)፣ የ8 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ከእናቱ ጋር በሱዳን በኩል ነው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት በዚህች አንድ ዐረፍተ ነገር ምክንያት ነው። እመለስባታለሁ። መጀመሪያ ግን ይህ “የቅዳሜ ጠዋት ካርቱን” የሚባለው ነገር ምን እንደነበረ እናውራ፤ ምክንያቱም የዛሬ ወጣት ካርቱን ሲያምረው ስልኩን ነው የሚያወጣው፤ ቅዳሜን መጠበቅ የሚባለውን ነገር አያውቀውም።

ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ በመላ አገሪቱ የሚታዩት ዋና ዋና ጣቢያዎች ሦስት ነበሩ፤ ኤንቢሲ፣ ሲቢኤስና ኤቢሲ። ቅዳሜ ጠዋት ትልልቁ ሰው ይተኛል። ስለዚህ ሰዓቱ ለነጋዴ ርካሽ፣ ለጣቢያውም ትርፍ ነበር። ልጆች ግን ነቅተዋል። ሲቢኤስ በዲሴምበር 1955 ማይቲ ማውስ የተባለውን የሚበር አይጥ ቅዳሜ ጠዋት ማሳየት ጀመረ። ፊልሞቹ አዲስ አይደሉም፤ ለሲኒማ ቤት ተሠርተው፣ ታይተው፣ መጋዘን የገቡ ናቸው። ልጆቹ ምን ቸገራቸው? ተጎለቱ። ሌሎቹም ጣቢያዎች ዐይናቸውን ከፈቱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በኔ አስተያየት የቁጠባ ታሪክ ነው። ቶም ኤንድ ጄሪን የማያውቅ የለም መቼም። ያንን የሠሩት ዊሊያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ ከ1940 ጀምሮ ኤምጂኤም በተባለው የፊልም ድርጅት ውስጥ ሆነው 7 ኦስካር ያስገኙ ሰዎች ናቸው። በ1957 ድርጅቱ የካርቱን ክፍሉን ዘጋና ሁለቱም ሥራ ፈት ሆኑ። ለአንድ የሰባት ደቂቃ ፊልም በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲያወጡ የኖሩ ሰዎች ቴሌቪዥን ዘንድ ሲሄዱ ለአምስት ደቂቃ 3 ሺህ ዶላር ገደማ ነው የቀረበላቸው። እነሱም እሺ አሉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር “ራፍ ኤንድ ሬዲ” የተባለ የአንድ ውሻና የአንድ ድመት ካርቱን ለኤንቢሲ አቀረቡ።

በዚያ ገንዘብ እንዴት ሠሩት? እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ። እንደ ዱሮው መላ ሰውነቱን ደጋግሞ መሣል ቀረ። ሰውነቱ ባለበት ይቆምና ጭንቅላቱ ወይም አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዮጊ የሚባለውን ድብ አይታችሁ ከሆነ፣ ሸሚዝ ሳይለብስ ኮሌታና ከረባት ያደርጋል። ለምን ይመስላችኋል? ለሽቅርቅርነት እንዳይመስላችሁ። ጭንቅላቱ ከሌላው አካሉ ተለይቶ ስለሚሣል፣ ኮሌታው መገጣጠሚያውን ይሸፍናል። ሲሮጡ ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩ፤ ያው አንድ ዛፍ፣ ያው አንድ መስኮት፣ ሦስቴ አራቴ ያልፋል። አጀብ ነው!

የሃናና ባርቤራ “ፍሊንትስቶንስ” በ1960፣ “ጄትሰንስ” ደግሞ በ1962 ሲጀመሩ የማታ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ ለመላው ቤተሰብ። ጄትሰንስ ወደፊት በሰማይ ላይ ስለሚኖር፣ በራሪ መኪና ስላለው ቤተሰብ ነው። 24 ክፍል ብቻ ተሠርቶ ቆመ። ነገር ግን እነዚያው 24 ክፍሎች ወደ ቅዳሜ ጠዋት ተዛውረው ለብዙ ዓመታት በሦስቱም ጣቢያዎች ተራ በተራ ተደጋገሙ። አዲስ መሥራት ገንዘብ ያስወጣል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ ተደገመብኝ ብሎ አይከስም። እንዲያውም ይወዳል። ዛሬ በአምሳና በስድሳ ዓመታቸው አንዱን ክፍል በቃላቸው የሚወጡት ሰዎች ፍቅራቸው ከዚህ የመጣ ነው፤ ከጣቢያዎቹ ቆጣቢነት።

በ1966 ፍሬድ ሲልቨርማን የተባለው የሲቢኤስ ኃላፊ ጠዋቱን በሚበርሩና በሚደበድቡ ጀግኖች ሞላው። ሱፐርማን ሳይቀር መጣ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በሁለት ወር ልዩነት ሲገደሉ ግን አገሩ ደነገጠ፤ ልጆቻችን ከጠዋት ጀምሮ ዱላ ነው እንዴ የሚያዩት ተባለ። በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ ፔጊ ቻረን የተባሉ እናት ሌሎች እናቶችን አሰባስበው ስለ ልጆች ቴሌቪዥን የሚሟገት ማኅበር አቋቋሙ። ሙግታቸው በዱላው ብቻ አይደለም፤ በማስታወቂያውም ነው። በስኳር የተለወሰ የቁርስ እህልና አሻንጉሊት ነበር በካርቱኖቹ መሀል የሚለፈፈው። በ1969 ኤቢሲ ጭራሽ “ሆት ዊልስ” የሚል ካርቱን ጀመረ፤ ማቴል የተባለው ኩባንያ በሚሸጣቸው ትንንሽ የመጫወቻ መኪናዎች ስም! ተፎካካሪው ይህ ፕሮግራም ሳይሆን የግማሽ ሰዓት ማስታወቂያ ነው ብሎ ለተቆጣጣሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቤት አለ። ሰውየው ለልጆች አስቦ ሳይሆን ለገበያው ተቃጥሎ ነው፤ ያም ሆኖ እውነቱን ነበር።

ከዚያ ግርግር የተወለደው ስኩቢ ዱ ነው። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1969፣ ቅዳሜ። አራት ወጣቶችና አንድ ፈሪ ውሻ። መንፈስ ያሳድዳቸዋል፣ ይሮጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ጭምብሉ ሲገለጥ መንፈሱ ሰው ሆኖ ይገኛል። በቃ፤ በየሳምንቱ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ዓመት 17 ክፍል ነበር፤ እሱም ተደጋገመ።

አሁን ወደዚያች ዐረፍተ ነገር ልመለስ።

በ1982 አንድ የ8 ዓመት ልጅ ከሱዳን ተነስቶ አሜሪካ ገባ። እንግሊዝኛ የለውም። ትምህርት ቤት ያስገቡታል፤ የሚሉትን አይሰማም፣ የሚለውን አይሰሙትም። እናትየው፣ ግምቴ ነው፣ እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን እናቶቻችን ቅዳሜም ሥራ ትገባለች፤ ወይም ሌሊት ሠርታ ጠዋት ትተኛለች። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። ምን ያያል? በየሳምንቱ ያው የሆነ ታሪክ። ቋንቋ ባይገባውም የሚሆነውን ያውቃል፤ አሁን ይሮጣሉ፣ አሁን ይደበቃሉ፣ አሁን ጭምብሉ ይገለጣል። ደግሞ ስኩቢን አስቡት። ውሻው ራሱ እንግሊዝኛ አጣርቶ አይናገርም! ቃሉን ሁሉ በ“ር” እየጀመረ ያንተባትባል፤ ጓደኞቹ ግን ይረዱታል፣ አይስቁበትም፣ ጥለውት አይሄዱም። ለዚያ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሰኞ ክፍል ሲገባ ደግሞ ሌሎቹ ልጆች ያዩትን አይቷል። ሦስት ጣቢያ ብቻ ስለነበር ሁሉም ያየው ያንኑ ነው። “አየኸው?” ሲሉት “አየሁት” ይላል። ምናልባት በእንግሊዝኛ የመለሳት የመጀመሪያዋ ሙሉ መልስ እሷ ትሆናለች።

ታዲያ እህቴ፣ ባለቤትሽ ለልጁ የሚያሳየው ካርቱን ይመስልሻል? እኔ አይመስለኝም። ከሱዳን በፊት የነበረውን ልጅነቱን ማሳየት አይችልም፤ ፎቶ እንኳ ይኑረው አይኑረው እንጃ። ማሳየት የሚችለው ይኼንን ነው። ያ ቤት ደግሞ ፈርሷል። በ1990 ለልጆች የሚታየውን ማስታወቂያ በሳምንቱ መጨረሻ በሰዓት ከ10 ደቂቃ ተኩል እንዳይበልጥ የሚወስን፣ ጣቢያዎቹም ትምህርታዊ ነገር እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። በ1992 ኤንቢሲ ከካርቱን ወጣ፤ በዚያው ዓመት ቀኑን ሙሉ ካርቱን ብቻ የሚያሳይ ካርቱን ኔትወርክ የሚባል ጣቢያ ተከፈተ። ሌላውም እየቀነሰ ሄዶ በሴፕቴምበር 2014 ሲደብሊው የተባለው ጣቢያ የመጨረሻውን የቅዳሜ ጠዋት የካርቱን ፕሮግራም ዘጋ። እናቶቹ የተሟገቱለት ሕግ ጥሩ ሕግ ነበር፤ ያንን ጠዋት ከገደሉት ነገሮች አንዱ መሆኑ ደግሞ አልቀረም። በ2021 የዱሮ ፕሮግራሞችን የሚያሳይ ሚቲቪ የሚባል ጣቢያ ቅዳሜ ጠዋት የጥንቶቹን ካርቱኖች መልሶ ማሳየት ጀምሯል። አያችሁ? ባለቤትሽ ብቻውን አይደለም።

እዚህ አገርም እኮ ተመሳሳይ ናፍቆት አለ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. (ይቺ እንኳ በኛው አቆጣጠር ናት) አንስቶ አባባ ተስፋዬ ለአርባ ዓመታት ያህል ተረት ነገሩን። እኔ ጎረቤት ቤት ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነው ያየሁት። ያንን ዛሬ ለሰባት ዓመት ልጅ ብከፍትለት አምስት ደቂቃ ይቀመጥልኝ ይሆን? እንጃ። እሱን ግን አልቀየመውም፤ ምንጣፉን አያውቀውማ።

የባለቤትሽም ስህተት እዚህ ላይ ነው፣ ሳልደብቅ ልናገር። ያንን ጠዋት ያጣፈጠው ትልቅ ሰው አለመኖሩ ነው። አባት አጠገብህ ተቀምጦ “እየው! ይሄኛውን ልብ በል! ለምን አትስቅም?” የሚልህ ካርቱን ካርቱን አይደለም፤ የቤት ሥራ ነው። ልጁ ያለቀሰው በስኩቢ ተሰላችቶ ሳይሆን አባቱን ማስደሰት አቅቶት ቢሆንስ? ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት።

ላንቺ ደግሞ፣ “አታፍርም” ያልሽውን መልሰሽ ውሰጂው። ዛሬ ማታ፣ ልጁ ሲተኛ፣ ቡና አፍልተሽ “ያኔ ቴሌቪዥኑ የት ክፍል ነበር?” ብለሽ ጠይቂው። “ማን ገዛው? እማማ ያን ሰዓት የት ነበሩ?” በይው። ስለ ካርቱን አትጠይቂው፤ እሱ ራሱ ይመጣበታል። ዝም ካለም ዝም በይ፤ ቡናውን ደግመሽ ቅጂለት። የነገረሽን አንድ ቀን ልጁም ይሰማው፤ ከአባቱ አፍ፣ በአማርኛ ቢሆን ደግሞ እሰየው። የሰባት ዓመት ልጅ የአባቱን የስምንት ዓመት ታሪክ ሲሰማ ታብሌት አያምረውም።

ስለ ታብሌቱም ጦርነት አትክፈቱ። ባለቤትሽ ያየው የነበረውንም ካርቱን “ልጆቻችንን አደነዘዘ” ያሉት ብዙ ነበሩ። ይልቅ አባትየው አንድ ቀን ልጁ የሚያየውን አብሮ ይይና “ይሄ ማነው? ለምን ተጣሉ?” እያለ ይጠይቅ። ልጅ ማስረዳት ሲወድ!

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል ብቻ፤ ሃያ ምናምን ደቂቃ ነው። ጄትሰንስን እኔ እወደዋለሁ፤ ለጀማሪ ግን የ1969ኙ ስኩቢ ይሻላል፤ ፍርሃትና ሳቅ አለበት። ሲያልቅ ይዘጋ። ልጁ ድገሙልኝ ካለ “ለሚመጣው ቅዳሜ” በሉት። አባትየውም ከፈለገ ወጥ ቤት ሆኖ በሩን ገርበብ አድርጎ ያዳምጥ፤ ሶፋው ላይ ግን አይቀመጥ። ደግሞ ልጁን ማንም አይቀስቅሰው።