ቁጥሩ ቀነሰ፤ ታዲያ ማን ጠገበ?



«ከውጭ አገር የሚገባው ዕቃ ቀነሰ፤ ኤኮኖሚያችን እየዳነ ነው» የሚል ንግግር በየአዳራሹ ሲጨበጨብለት ሰምተናል። እኛ ግን ከማጨብጨባችን በፊት እንጠይቃለን። የቀነሰው ምንድን ነው? ዕቃው ነውን? ዋጋው ነውን? ወይስ የሕዝቡ የመግዛት ዐቅም?

የብሔራዊ ባንክ መዝገብ እንደሚያሳየው፣ በ2014 የበጀት ዓመት ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ የነበረው የገቢ ዕቃ ዋጋ በ2015 ወደ 17 ቢሊዮን ዝቅ ብሏል። ነገር ግን በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይሰጥ መታገዱን ማን ይረሳል? እገዳው የተነሣው በሐምሌ 2016 ነው። ምንዛሪ አጥቶ ያልገዛ አገር ቆጠበ አይባልም። ኪሱ ባዶ ሆኖ ገበያ የቀረ ሰው ጾመኛ ተብሎ ይመሰገናልን? በዚያው በ2015 ወደ ውጭ የላክነው ዕቃም ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከነበረበት ወደ 3.6 ቢሊዮን ገደማ መውረዱን አጨብጫቢዎቹ አያነሡትም።

አለካኩን እንመርምር። ጉምሩክ ለገቢ ዕቃ የሚመዘግበው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የጭነቱንና የኢንሹራንሱንም ጭምር ነው፤ የወጪ ዕቃ ግን ያለ እነዚህ ይመዘገባል። ለምሳሌ ያህል አንድ ኩንታል ስንዴ በሻጩ ወደብ 30 ዶላር፣ ጭነቱና ኢንሹራንሱ 8 ዶላር ቢሆን፣ በመዝገባችን 38 ይሆናል። ጭነቱና ኢንሹራንሱ በእጥፍ ቢወደድ 46 ይደርሳል። ስንዴው ግን ያው አንድ ኩንታል ነው፤ አንዲት ዳቦ አልጨመረም። ደግሞም በሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር የተጻፈው ሁሉ አበጠ፤ መጋዘኑ ግን አላበጠም።

ይህም በቅጽ የገባው ብቻ ነው። በኮንትሮባንድ የሚገባው ከቶ አይቆጠርም። ቀረጥ ለመቀነስ ዋጋውን አሳንሶ የሚጽፍ ነጋዴ አለ፤ ዶላር ለማሸሽ አግንኖ የሚጽፍም አለ።

አሁን ወደ ዋግ ኽምራ፣ ወደ ሰሃላ እንሂድ። የ2015 ክረምት ዝናብ ሰሃላን በነሣት ጊዜ አዝመራው ጠፋ፤ ከብቱ አለቀ። በዚያው ወቅት፣ ከሰኔ 2015 ጀምሮ፣ የእርዳታ እህል ለሌላ እየዋለ ነው በሚል ምክንያት የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ እደላውን አቁመው እስከ 2016 ዓ.ም. ቆዩ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይመርመር፤ የተራበው ግን ገበሬው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! በተባበሩት መንግሥታት የንግድ ስታቲስቲክ መመሪያ መሠረት ከውጭ የሚመጣ የእርዳታ እህልም እንደ ገቢ ዕቃ ይቆጠራል። ስለዚህ እህሉ ሲገባ ዓምዱ ያድጋል፤ «ጥገኝነታችን በዛ» ይባላል። ሳይገባ ሲቀር ዓምዱ ያጥራል፤ «ተሻሻልን» ይባላል። የሰሃላ እናት ባዶ ማሰሮ በሂሳቡ ዘንድ መልካም ዜና ሆኖ ይነበባል ማለት ነው!

«አለካኩ ዓለም አቀፍ ነው» የሚሉን መምህራን አሉ። እውነት ነው፤ እኛም አለካኩን አንነቅፍም። መዝገቡ በድንበር ያለፈውን ይቆጥራል፤ ማን ጓዳ እንደ ደረሰ ግን አይናገርም፤ እናገራለሁም አላለም። የምንነቅፈው፣ መዝገቡ ያላለውን በስሙ የሚናገሩትን ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የገቢ ዕቃ ዋጋ በታወጀ ቁጥር መጠኑ በኩንታልና በቶን አብሮ ይነገር፤ የዋጋው ለውጥም ከመጠኑ ይለይ። ሁለተኛ፣ ጭነትና ኢንሹራንሱ ተነጥሎ፣ እርዳታውም ከንግዱ ተለይቶ ይታይ፤ የሚሸጡልን አገሮች ከሚመዘግቡት ጋርም ይመሳከር። ሦስተኛ፣ ስንዴው፣ ማዳበሪያውና መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ አልፎ በየትኛው ወረዳ እንደ ደረሰ በየዓመቱ ይገለጽ።

የኤኮኖሚ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ሆይ! የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ስትመርጡ የአሥር ዓመት ዓምድ ገልብጦ መስመር ማስመር ብቻ አይበቃም። ሰቆጣ ገበያ ወርዳችሁ የውጭ ዘይትና ማዳበሪያ በስንት እንደሚሸጥ፣ ማን እንደሚገዛው፣ ማንስ ዋጋ ጠይቆ ባዶ እጁን እንደሚመለስ ጻፉ። ከዚያ በኋላ «ቀነሰ» የሚል ተናጋሪ ሲመጣ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት «ለማን?» ብላችሁ ጠይቁት።