አስተያየት የማን ርስት ነው?

በመካከላችን አንድ አጉል ፈሊጥ ሥር እየሰደደ ነው። ስለ መጽሐፍ ለመናገር መጀመሪያ ሥነ ጽሑፍ መማር፣ ቀጥሎም የሐያስያንን ስም መደርደር ያስፈልጋል የሚል ፈሊጥ! በዚሁ ሰበብ የአንባብያን አስተያየት ገጻችን ለተማሪ ብቻ ይሁን፤ የገበሬና የሕፃን ወሬ ወረቀት ይጨርሳል የሚሉ ጓደኞች ተነሥተዋል። እኛ ይህን አንቀበልም።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እናንሣ፤ ሁላችንም አንብበነዋል እንላለንና። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ የሚጀምረው የት ነው? አዲስ አበባ አይደለም፤ ማንኩሳ ነው። የበዛብህ ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ የማንኩሳ ሰዎች ናቸው። ታዲያ የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የፈረስ ቤት ሰው በዚህ መጽሐፍ ላይ ቃል የለውም ማለት ምን ማለት ነው? ባለቤቱን ከደጅ አቁሞ እንግዳውን ስለ ቤቱ መጠየቅ አይደለም ወይ?

እኛ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ በፈተና ስንጠየቅ «የፊውዳሉ ሥርዓት ወኪል» እንልና ነጥባችንን ይዘን እንወጣለን። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ግብርና እጅ መንሻ ያቀረበ የደጋ ዳሞት ሽማግሌ ግን የገበሬውን አመፅ በራሱ ጀርባ ይመዝነዋል። ለታመመ ልጇ የተሳለች እናት የእነ ውድነሽን ስእለት ከእኛ ይልቅ ታውቀዋለች። አኮፋዳ አንግቶ ከውሻ ጋር የታገለ የቆሎ ተማሪ የበዛብህን ረኃብ ማንም እንዲተነትንለት አይሻም። ሕፃኑስ? ሕፃኑ «በዛብህና ሰብለ ለምን አብረው አልጠፉም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የመጽሐፉን አጥንት የነካ ጥያቄ ነው። እኛ ግን የጉዱ ካሳን ንግግር ሸምድደን ጥያቄውን ረስተነዋል።

ማንበብ የማይችል እንዴት አስተያየት ይሰጣል የሚል አይጠፋም። ኧረ ለመሆኑ ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በሬዲዮ የተረከው ለማን ነበር? በየቤቱ ሬዲዮውን ከበው የሰሙት፣ የሰብለን ሞት ያለቀሱት፣ ፊታውራሪን የረገሙት ሁሉ ዲፕሎማ ነበራቸው እንዴ? በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻስ ሽማግሌውንና ባልቴቷን ፊደል ያስቆጠረው ስማቸውን እንዲፈርሙ ብቻ ነው? ያነበበ ሰው ያነበበውን ካልተናገረ ፊደሉ ምን ሊረባው!

ይህ ደግሞ ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በሰው ፊት ለየኔታ ይነግራል፤ ባልንጀሮቹ እየሰሙ ሰሙን ከወርቁ ይለያሉ። ያማረ እንደ ሆነ «ይበል!» ይባልለታል፤ ካላማረም ይታረማል። ዋሸራን ያስከበረው የአንድ መምህር ዝምታ ሳይሆን ይህ መነጋገር ነው።

አዎን፣ አስተያየት ሁሉ እኩል አይደለም። «ወድጄዋለሁ» ብሎ መቀመጥ ሒስ አይሆንም። ነገር ግን መለኪያው ዕድሜና ዲግሪ ሳይሆን ማስረጃ ነው። ከመጽሐፉ የትኛው ቦታ እንዲህ አሰኘህ? ለሚለው መልስ ያላት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ መልስ ከሌለው ተመራቂ ትበልጣለች።

ነገሩ የገጽ ጉዳይ ብቻም አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በብዙ ወረዳ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል፤ ልጆች ዓመት በዓመት ላይ እየቆጠሩ ቤት ውለዋል። እንዲህ ላለ ልጅ እጁ ላይ የቀረችው አንዲት ያረጀች መጽሐፍ ትምህርት ቤቱ ናት። ጎረቤቱ፣ አያቱ፣ ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰ ወንድሙ «ምን አልክ?» ብለው ካልጠየቁት ግን መጽሐፏም ትዘጋለች። በዚህ ጊዜ የእሱን አስተያየት «ወሬ» ማለት በተዘጋ በር ላይ ሌላ ቁልፍ መጨመር ነው።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። ገጹ ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ ከጸሐፊው ስም ጎን ዕድሜው እንጂ ማዕረጉ አይጻፍ። መጻፍ የማይችለው ሲናገር እኛ እንጻፍለት፤ ቃሉን ግን አናስጊጠው። ለዕረፍት አገራችን ስንገባም መጽሐፍ ይዘን እንግባ፤ ጮክ ብለን እናንብብ፤ ከዚያ ዝም ብለን እንስማ። በመጀመሪያ ትንሹ ይናገር፣ ቀጥሎ ትልቁ፤ እኛ የተማርነው በመጨረሻ።

ለመናገር አራት ዓመት ተምረናል። ለመስማትስ?