መጽሐፍ ማንበብና ከሰው ጋራ መኖር

ሰው ብቻውን ሊኖር የማይችል ፍጥረት ስለ ሆነ፤ ከጎረቤቱና ከሥራ ባልደረባው ጋራ ተስማምቶ የሚኖርበትን ጠባይ ሊማር ግድ ነው። ይህንንም ጠባይ ብዙው ሰው ከቤተሰቡና ከአደባባይ ይማረዋል፤ ነገር ግን አደባባይ የሚያሳየው የሰውን ፊትና ንግግር እንጂ በልቡ ያለውን አይደለም። የሌላውን ልብ ገልጦ የሚያሳይ ደኅና ሆኖ የተጻፈ ልብ ወለድ ታሪክ ነው።

ለዚህም ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በቂ ምስክር ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ካሳ የሚባለው ሰው የባላባት ወገን ሲሆን፤ የአገሩን ልማድ ስለ ነቀፈ ሰዎች «ጉዱ ካሳ» እያሉ እንደ እብድ ይቈጥሩታል። አንባቢውም መጀመሪያ ከሰዎቹ ጋራ ይሥቅበታል፤ ወደ ውስጥ በዘለቀ ቍጥር ግን እብድ የተባለው ሰው የሚናገረው ምክንያት ያለው መሆኑን እያየ በሣቁ ያፍራል። በገበያ ቢገናኘው ኖሮ ከሁለት ቃል በላይ አይሰማውም ነበር፤ መጽሐፍ ግን ንግግሩን ሊያቋርጡት የማይቻል ወዳጅ ስለ ሆነ እስከ መጨረሻው ያሰማዋል። ፊታውራሪ መሸሻም በዘራቸው ኰርተው ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል ባል ሲያማርጡ የማግቢያ ዕድሜዋ እንዳለፈ ያነበበ ሰው፤ በራሱ ቤት ያለውን ትንሹን ፊታውራሪ ሳያውቀው አይቀርም።

ይሁን እንጂ ጥቂት ገጽ ያነበበ ሁሉ ወዲያው ጠባዩ ይታረማል ማለት አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ኪድና ካስታኖ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት፤ ለጥቂት ጊዜ ልብ ወለድ ያነበቡ ሰዎች የሌላውን ስሜት ከዓይኑ አይተው በማወቅ እንደ በለጡ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ጽፈው ነበር። በ2018 ሌሎች ሊቃውንት ያንኑ ፈተና በብዙ ሰዎች ላይ ደግመው ቢሞክሩት ውጤቱ አልተገኘም። በዚያው ዓመት 14 ጥናቶችን ያመዛዘኑት ደግሞ ትንሽ ጥቅም አግኝተውበታል። ነገሩ ሊያስደንቅ አይገባም፤ አንድ ቀን ያረሰ ገበሬ አይባልምና።

መጽሐፉን ከሰው መሸሸጊያ የሚያደርገውም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ያነበቡትን ተገናኝቶ መነጋገር ያስፈልጋል። በትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በልዩ ልዩ መንገድ ሲፈታው፤ ተማሪው ከትርጓሜው ጋራ የሌላውን ሐሳብ ታግሦ መስማትን ይማራል።

በ1936 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ጀምሮ በ2014 ዓ.ም. እስከ ተከፈተው እስከ አብርሆት ድረስ፤ በንባብ አዳራሽ ጸጥታ መከበሩ የተገባ ነው። ነገር ግን በየከተማው ባሉት ቤተ መጻሕፍት፤ ከአዳራሹ ራቅ ያለ አንድ ክፍል በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ተለይቶ፤ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብና ሌሎቹ ሰምተው ቢከራከሩበት፤ ወጪው ከጥቂት ወንበርና ከአንድ መጽሐፍ አይበልጥም።