የርቀት መለኪያ ሲመረጥ የሣጥኑ ቍጥር ብቻውን አይበቃም

ነጋዴ ዕቃ ከማዘዙ አስቀድሞ ዕቃው በየትኛው አገር፥ በምን ዓይነት አየርና ለምን ሥራ እንደሚውል መጠየቅ የሙያው ግዴታ ነው። ይህም ነገር ለሐረር ንግድ እንግዳ አይደለም። በሐረር የባርዴ ንግድ ቤት ወኪል የነበረው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ በጥር ወር 1874 ዓ.ም. ከኤደን ወደ ፓሪስ ለአንድ ጠመንጃ ሠሪ በጻፈው ደብዳቤ፥ ለዝሆን አደን የሚሆን ልዩ መሣሪያ መኖር አለመኖሩን፥ ካለም የት እንደሚገኝና ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠይቆ ነበር። በዚያው ወር ለወዳጁ በላከው ሌላ ደብዳቤም የማዕዘንና የርቀት መለኪያ መሣሪያዎች እንዲፈለጉለት አሳስቧል። የዚያ ዘመን የዝሆን አደን ዛሬ የሚመሰገን አይደለም፤ የባቢሌም ዝሆኖች በመጠለያቸው የሚጠበቁ እንጂ የሚታደኑ አይደሉም። ሆኖም ከመግዛት በፊት መጠየቅ የሚለው የነጋዴ ልማድ አላረጀም።

ዛሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሚያስፈልጋቸው ዕቃዎች አንዱ፥ በሌዘር ብርሃን ርቀት የሚለካው የእጅ መሣሪያ ነው። ሌዘር በግንቦት ወር 1952 ዓ.ም. በአሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርቶ ከታየ ወዲህ፥ አስቀድሞ ለጦር ሠራዊት፥ ኋላም ለመሐንዲስና ለአዳኝ የሚሆን መለኪያ ተሠርቶበታል። አሠራሩም ለመረዳት አያስቸግርም። መሣሪያው አጭር የብርሃን ምት ወደ ዒላማው ይልካል፤ ብርሃኑ ደርሶ እስኪመለስ የፈጀውንም ጊዜ ቈጥሮ ርቀቱን ያሳያል። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ በ300 ሜትር ላይ ከቆመ እንስሳ ደርሶ ለመመለስ የሚበቃው ጊዜ አንድ ሴኮንድ በሚሊዮን ተከፍሎ ሁለቱ እጅ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ መሣሪያ ይበልጥ የሚፈተነው በደጋ አጋዘን አገር ነው። ይህ በተለምዶ ኒያላ የሚባለው እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ምስሉንም በ1969 ዓ.ም. በወጣው የ10 ሳንቲም ላይ ያላየ ባለሱቅ የለም። መኖሪያው ከሐረር በስተ ምዕራብ ከጨርጨር ተራሮች ጀምሮ በአርሲና በባሌ ከፍታዎች ላይ ሲሆን፥ የሚውለውም በአስታ ቍጥቋጦ፥ በጽድና በኮሶ ደን ውስጥ ነው። ቍጥሩ ጥቂት ስለሆነ፥ አደኑ እንደ ሙኔሳ ባሉ በተለዩ ክልሎች፥ በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድና በከፍተኛ ክፍያ ብቻ የሚፈጸም ነው። ስለዚህ የመለኪያው ገዢዎች አዳኞችን የሚያስተናግዱ ድርጅቶችና መንገድ መሪዎቻቸው ናቸው። በመስመር እየተጓዙ እንስሳትን የሚቈጥሩ ባለሙያዎችም ርቀት የሚለኩት በዚሁ መሣሪያ ነው።

እንግዲህ አስመጪው በመጀመሪያ የሚያየው በሣጥኑ ላይ በትልቁ የታተመውን ቍጥር ነው። ይህ ቍጥር ሐሰት ባይሆንም፥ የሚነገረው ብርሃንን እንደ መስተዋት ለሚመልስ ዒላማ፥ ለምሳሌ ለሚያንጸባርቅ የመንገድ ምልክት ነው። ጠጕራምና ቡናማ የሆነ የእንስሳ ገላ የተላከለትን ብርሃን አብዛኛውን ይውጠዋል፤ የሚመልሰውም ጥቂቱን ነው። በዚህ ምክንያት 1,000 የተጻፈበት መሣሪያ በእንስሳ ላይ ሲሞከር ብዙ ጊዜ ከግማሹ አያልፍም። ጠንቃቃ ፋብሪካዎች በመመሪያቸው ውስጥ ለሚያንጸባርቅ ነገር፥ ለዛፍና ለእንስሳ ሦስት ልዩ ልዩ ቍጥሮች ያትማሉ። አስመጪው ዋጋ የሚከራከርበት ቍጥር ሦስተኛው መሆን አለበት፤ ሦስተኛው ቍጥር ጨርሶ ካልተጻፈ፥ ዝምታውን እንደ መልስ ይቍጠረው።

ሁለተኛው ነገር ጭጋግና ቍጥቋጦ ነው። በጭጋግ ውስጥ ያሉ የውኃ ነጠብጣቦች ብርሃኑን ከመንገድ ይመልሱታል፤ ከእንስሳው ፊት ያለ የአስታ ቅርንጫፍም እንዲሁ ያደርጋል። ያን ጊዜ በመስኮቱ ላይ የሚነበበው ርቀት የጭጋጉ ወይም የቅርንጫፉ እንጂ የአጋዘኑ አይደለም። ስለሆነም መሣሪያው ከሚመለሱለት ብርሃኖች መካከል የመጨረሻውንና ሩቁን የሚመርጥበት ማስተካከያ ያለው ሊሆን ይገባል። የጨረሩም ስፋት ይጠየቅ። በ1,000 ሜትር ላይ 2 ሜትር የሚሰፋ ጨረር በ400 ሜትር ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከዚህ የሰፋ ከሆነ ከእንስሳው አልፎ ከበስተኋላው ያለውን ድንጋይ ሊለካ ይችላል።

ሦስተኛው የመሬቱ ተዳፋት ነው። ጥይት ወደ ታች የሚወድቅበት መጠን በይበልጥ የሚከተለው በአግድም የሚለካውን ርቀት እንጂ በዓይን መስመር ያለውን አይደለም። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ በዓይን መስመር 400 ሜትር የሆነው፥ በአግድም 346 ሜትር ብቻ ነው። ማዕዘኑን የማያሰላ መሣሪያ ለሜዳ አገር ይበቃ ይሆናል፤ ለጨርጨርና ለአርሲ ገደል ግን አይሆንም።

አራተኛው የልኩ ስም ነው። ከአሜሪካ ገበያ የሚመጡት ብዙዎቹ በያርድ የተቃኙ ናቸው። አንድ ያርድ ከ91 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ስለሆነ፥ 400 ያርድ 366 ሜትር ነው። ያርዱን ሜትር መስሎት የሚተኩስ ሰው በ34 ሜትር ይሳሳታል። የጠመንጃው ዓይነት ቢለያይም፥ በዚህ ርቀት ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ጥይቱን ከአንድ ስንዝር ያላነሰ ሊያዛንፈው ይችላል። በልብና በሆድ መካከል ያለውም ልዩነት ከዚህ ብዙ አይበልጥም።

አንዳንድ ነጋዴ፥ «ገዢው የሚፈልገው ትልቅ ቍጥርና ትንሽ ዋጋ ነው፤ ቀሪው የገዢው ጕዳይ ነው» ይል ይሆናል። ይህ አስተያየት ለአንድ ቀን ሽያጭ እውነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የቆሰለ አጋዘን በጭጋግ ገብቶ ሲጠፋ ጕዳቱ በአንድ ሰው ላይ አይቀርም። እንስሳው በከንቱ ይሞታል፤ በብዙ የአፍሪካ የአደን አገሮች የቆሰለ እንደ ተገደለ ስለሚቈጠር አዳኙ ሙሉ ዋጋውን ይከፍላል፤ መንገድ መሪው ስሙን ያጣል፤ መሣሪያውም ወደ ሻጩ ተመልሶ ይመጣል። በቈጠራ ሥራም ላይ የተሳሳተ ርቀት የተሳሳተ የእንስሳት ቍጥር ያስገኛል፤ ከተሳሳተ ቍጥር የሚነሣ የአደን ፈቃድም ጥቂት በቀረው መንጋ ላይ ይከብዳል።

ከዚህም በቀር መሣሪያው የሩቅ ተኩስ ማበረታቻ ተደርጎ መሸጥ የለበትም። ጥሩ መለኪያ ለአዳኙ የሚሰጠው ትልቁ አገልግሎት፥ ርቀቱ ከችሎታው በላይ መሆኑን ነግሮ ጣቱን ከምላጩ ላይ ማስነሣቱ ነው። እስከ 2,000 የሚያነብ መሣሪያ እስከ 2,000 ተኩስ ማለት አይደለም፤ የጠመንጃውና የሰውየው ወሰን በመለኪያው አይጨምርም። ይህን ለገዢው በግልጥ የሚነግር ሻጭ አንድ ሽያጭ ቢያጣ እንኳ ደንበኛ ያተርፋል።

መፍትሔውም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሐረር ነጋዴ ቆዳ አያጣም፤ ያልተለፋ የበሬ ቆዳ በሐኪም ተራራ ተዳፋት ላይ አሰቅሎ፥ ማለዳ በጭጋግ፥ ቀትር በፀሐይ፥ ከሰዓት በኋላም በካፊያ ናሙናውን ይሞክር። ብርቱ ፀሐይም የመለኪያውን ዐቅም ስለሚቀንስ፥ ሦስቱም ሰዓት ያስፈልጋል። አስቀድሞ በሜትር ገመድ በተለካ 100 ሜትር ላይ ትክክለኛነቱን ያረጋግጥ። ከዚያ ወዲያ በደረሰኙ ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፤ በቆዳ ላይ የተነበበው ርቀት፥ መሣሪያው በሜትር መቃኘቱና የዋስትናው ዘመን። ብርድ ባትሪን ስለሚያደክም፥ የሚስማማው ባትሪም በሱቁ መደርደሪያ ላይ አይታጣ። ርቀት ማያ መሣሪያ ሁሉ ያለ ጥያቄ የሚገባ ዕቃ ስላልሆነ፥ ትእዛዙ ከመላኩ በፊት የጕምሩክንና የጸጥታ መሥሪያ ቤቶችን ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ ከኪሳራ ያድናል።

ሚዛኑን የሚያጎድል ነጋዴ በገበያ ላይ ስሙ እንደሚጠፋ ሁሉ፥ የማያደርስ መለኪያ የሚሸጥም ነጋዴ ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። የሌላው ዕቃ ጉድለት በገዢው ኪስ ላይ ሲቀር፥ የዚህ ዕቃ ጉድለት ግን በሌላ አገር በማይተካ እንስሳ ላይ ያርፋልና፥ ነጋዴው በሣጥኑ ቍጥር ሳይሆን በቆዳው ቍጥር ይግዛ፤ በዚያውም ይሽጥ።