ሲሊንደሩ ገዢው ፊት ይመዘን

ቡታጋዝ ስንገዛ በዋጋው እንከራከራለን፤ ስንቶቻችን እናስመዝነዋለን? የባዶው ሲሊንደር ክብደት አንገቱ አካባቢ ተቀርጿል። የሞላውን መዝኖ ያንን መቀነስ ነው፤ ቀሪው የከፈልንበት ጋዝ ነው። የወላይታ ሶዶ ንግድ ጽሕፈት ቤት እያንዳንዱ ሻጭ የተረጋገጠ ሚዛን ደጃፉ ላይ እንዲያኖር ማስገደድ አለበት። ከሰልም በኪሎ ይሸጥ፤ ጆንያ እርጥቡንም ደቃቁንም ይደብቃል።

የጋዙ ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ይወሰናል፤ ልኩ ግን እዚሁ በእጃችን ነው። ጉዳዩም ከኪስ ያልፋል። እዚሁ ወላይታ፣ ሁምቦ ወረዳ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በአርሶ አደር ማኅበራት ጥበቃ ዳግም ለምልሟል። ጋዝ የጎደለበት ቤተሰብ ወደ ከሰል ሲመለስ የሚቆረጠው እንዲህ ያለ ደን ነው። እድሮችም ለአባሎቻቸው በጅምላ ገዝተው፣ መዝነው ቢያከፋፍሉ ማጭበርበሩ ይከብዳል። ቁጥጥሩ ከመጪው የክረምት ብርድ በፊት ይጀመር።