ባሌስትራ ቢጨመርም የመኪናው አቅም አይጨምርም

የመኸር እርሻ ግብዓት ከወረዳ መጋዘን ወደ ቀበሌ በሚጓጓዝበት ወቅት አይሱዙ የማይደርስባቸውን ወይም በጊዜው ያልተገኘባቸውን ቀበሌዎች የሚሸፍነው ፒክአፕ ነው። በመስኖ አካባቢዎችም ሽንኩርትና ድንች ከማሳ ዳር ወደ ዋናው መንገድ የሚወጣው በዚሁ መኪና ነው። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ባለንብረቶችና ማኅበራት በኋላው እግር ላይ አንድ ወይም ሁለት ተጨማሪ ባሌስትራ በማሠራት ከተፈቀደው በላይ መጫን የተለመደ አሠራር አድርገውታል። መኪናው ከኋላ ስለማይጎነበስ ጭነቱን የቻለው ይመስላል። እውነታው ግን ሌላ ነው።

የአንድ መኪና የመጫን አቅም ከተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ላይ የባዶው መኪና ክብደት ሲቀነስ የሚገኘው ነው። ይህ መጠን የሚወሰነው በባሌስትራ ብቻ ሳይሆን በአክስሉ፣ በሻንሲው፣ በጎማውና በፍሬኑም ጭምር ነው። ብዙ ባለ አንድ ጋቢና ፒክአፖች የሚሸከሙት ወደ 10 ኩንታል ሲሆን ባለ ሁለት ጋቢናዎቹ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያንሳሉ። ሹፌሩ፣ ረዳቱና ከላይ የሚቀመጡት ጫኝና አውራጆችም ከዚሁ መጠን ላይ ይታሰባሉ። ባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ 30 ከረጢት ቢጫን 15 ኩንታል ነው። ሰው ሳይቆጠር ትርፉ 5 ኩንታል ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ትርፍ የት እንደሚያርፍም ማስተዋል ያስፈልጋል። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል 3 ሜትር ርቀት ያለው መኪና ትርፉን 5 ኩንታል ከኋላ አክስሉ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሸከም፣ በኋላው አክስል ላይ የሚጨመረው 6 ኩንታል ነው። ከፊት ጎማዎች ላይ ደግሞ 1 ኩንታል ይቀነሳል። ፊቱ የቀለለ መኪና መሪው በደንብ አይታዘዝም፤ በኮረት መንገድ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ይንሸራተታል።

ዋናው አደጋ ያለው ፍሬኑ ላይ ነው። በብዙ ፒክአፖች ላይ የኋላ ፍሬን ኃይልን እንደ ጭነቱ የሚመጥን ቫልቭ አለ። ቫልቩ ጭነት መኖሩን የሚያውቀው መኪናው ከኋላ ሲጎነበስ ነው። ባሌስትራ ተጨምሮ መኪናው አልጎነበስ ሲል ቫልቩ መኪናው ባዶ እንደሆነ ቆጥሮ ለኋላ ጎማዎች የሚልከውን ኃይል ይቀንሳል። በመሆኑም ጭነቱ በጨመረበት ሰዓት ፍሬኑ ይደክማል። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይህ ማለት ምን እንደሆነ ሹፌሮች ያውቁታል።

ይህ ሲባል ግን የኋላውን እግር ማጠናከር ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት አይደለም። ባሌስትራው አርጅቶ የተዘረጋ ከሆነ፣ ወይም መኪናው ሁልጊዜ ወደ ሙሉ አቅሙ ተጠግቶ የሚጫን ከሆነ ሥራው ተገቢ ነው። ሲሠራም የሚከተሉት ሊጠበቁ ይገባል።

አንደኛ፣ ለውጡ በግራም በቀኝም እኩል ይሁን። የተሰበረ ባሌስትራ በብየዳ አይቀጠልም፤ በእሳት የተሞቀ ብረት ጥንካሬውን ያጣል። ሁለተኛ፣ ጭነት ሲበዛ ብቻ የሚነካ ረዳት ባሌስትራ ይመረጥ። ሁሉም ባሌስትራ ሁልጊዜ የሚሠራ ከሆነ መኪናው ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፤ ጎማውም መንገድ አይዝም። ሦስተኛ፣ የፍሬኑ ቫልቭ እንደገና ይስተካከል፤ ሾክ አብዞርበሩም ይፈተሽ። አራተኛ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ከጥቂት ቀናት ሥራ በኋላ እንደገና ይጠበቁ። አምስተኛ፣ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የጭነት ቁጥር ይታይ። ለምሳሌ 100 ማለት አንዱ ጎማ 800 ኪሎ ሲሸከም፣ 112 ማለት ደግሞ 1 ሺህ 120 ኪሎ ይሸከማል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ተሟልቶም በሊብሬው ላይ የሰፈረው የመጫን አቅም አይለወጥም። የግብዓት ሥርጭት የሚመሩ የወረዳ ኃላፊዎች ዕቅድ ሲያወጡ ፒክአፕን በሊብሬው መጠን ሊያስቡት ይገባል። ለ15 ኩንታል ሁለት ምልልስ መያዝ የነዳጅ ወጪ እንዳለው ግልጽ ነው። ነገር ግን አክስሉ ተሰብሮ ማዳበሪያው በመንገድ ላይ ሲቀር የሚጠፋው የዘር ወቅት ነው። መኪና የሚከራይ አርሶ አደርም ባሌስትራው ስንት እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ ሊብሬው ስንት ኩንታል እንደሚል ቢጠይቅ ንብረቱንም ሕይወቱንም ይጠብቃል።